የአንገት በላይ ሐኪም ለምን ከአንገት በታች ይጀምራል?

አሜሪካ ውስጥ የአንገት በላይ ስፔሻሊስት ለመሆን ሥልጠናው 5 ዓመት ነው። ግራ የሚያጋባው የመጀመሪያው ዓመት ነው። 6 ወሩ በራሱ ክፍል ያልፋል። ቀሪው 6 ወር ግን እንደ ጠቅላላ ቀዶ ሕክምና፣ ማደንዘዣና ጽኑ ሕሙማን ባሉ ክፍሎች መዞር ነው። «ሮቴሽን» የሚሉት ይህን በየክፍሉ መዞር ነው።

ጆሮ ሊያክም የመጣ ሰው ጽኑ ሕሙማን ክፍል ምን ይሠራል? መልሱን ለማየት አንድ ሌሊት ይበቃዋል። አንገቱ ተቀዶ የመተንፈሻ ቱቦ የገባለት ታካሚ ቱቦው በአክታ ቢደፈንበት፣ ያለው ጊዜ ደቂቃዎች ብቻ ነው። እጅ የሚፍታታው እዚያ ነው።

ከ2ኛው ዓመት ጀምሮ ዙሩ በአብዛኛው እዚያው ሙያው ውስጥ ነው፦ ጆሮ፣ ሳይነስ፣ ድምፅ፣ የአንገት ካንሰር፣ ሕፃናት። በመጨረሻው ዓመት ሠልጣኙ ቺፍ ሬዚደንት፣ ማለትም የሠልጣኞቹ አለቃ ይሆናል። የተረኞች ፕሮግራም ማውጣትም ብዙ ጊዜ የእሱ ራስ ምታት ነው።