የባሕር ፈረስ ቤት ውስጥ ሲወልድ

የባሕር ፈረስ ዓሣ ነው፤ መልኩ ባያስመስለውም። ቅርፊት የለውም። ቆዳው በአጥንት ቀለበቶች ላይ ተወጥሯል። ቀጥ ብሎ ቆሞ ይዋኛል፤ ሲያርፍ በጅራቱ ሣር ወይም ኮራል ይጨብጣል። ሂፖካምፐስ የሚባለው ይህ ወገን ከ40 በላይ ዝርያዎች አሉት። 2 ሴንቲሜትር በቅጡ የማይሞሉ አሉ። በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ ዳርቻ የሚኖረው ሆደ ትልቁ ዝርያ ደግሞ እስከ 35 ሴንቲሜትር ይደርሳል።

ስሙ የገነነው ግን በቁመቱ አይደለም። የሚያረግዘውም፣ የሚያምጠውም፣ የሚወልደውም ወንዱ ነው። ይህን ጉድ ለማየት የግድ ባሕር መጥለቅ አያስፈልግም። በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በአውስትራሊያ የባሕር ፈረስን ሳሎናቸው ውስጥ፣ በጨው ውሃ አኳሪየም የሚያረቡ ብዙ ሰዎች አሉ። ጥንዶቹ ጤነኞች ከሆኑና ከተስማሙ መውለዳቸው ብዙም አያስቸግርም። የሚያስቸግረው የተወለዱትን ማሳደግ ነው። አባትየው በአንድ ሌሊት ይገላገላል፤ የአሳዳጊው ሰው ምጥ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።

ቀድሞ ነገሩ ከዚህም የከፋ ነበር። ለሽያጭ የሚቀርቡት የባሕር ፈረሶች በአብዛኛው ከባሕር የተያዙ ነበሩ። ብዙዎቹ ጥገኛ ተውሳክ ይዘው ይመጣሉ። በሕይወት የሚንቀሳቀስ ነገር ካልሆነ አንበላም ይላሉ። በዚህ ምክንያት ገዝቶ በሳምንታት ውስጥ መቅበር የተለመደ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 በሃዋይ ኮና የተመሠረተው ኦሽን ራይደርን የመሰሉ የእርባታ ጣቢያዎች ሲመጡ ሁኔታው ተለወጠ። እዚያ የሚወለዱት ፍሪዘር ውስጥ የቆየ ማይሲስ የተባለ ጥቃቅን ሽሪምፕ መሰል እንስሳ መብላት ለምደው ያድጋሉ። እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2004 ጀምሮ ደግሞ መላው ወገን፣ የዱር እንስሳትና ዕፅዋትን ዓለም አቀፍ ንግድ በሚቆጣጠረው የሳይተስ ስምምነት ሁለተኛ ዝርዝር ሥር ስለገባ ከአገር አገር የሚደረገው ንግድ በፈቃድ ሆኗል። እኔን የሚጠይቀኝ ሰው ቢኖር መልሴ አጭር ነው፦ ከባሕር የተያዘውን አይግዙ።

ለጀማሪ ከሚመከሩት አንዱ ፉስከስ የሚባለው ዝርያ ነው። የኛው ጎረቤት ነው፤ በቀይ ባሕርና በአረቢያ ባሕር ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ1838 ለሳይንስ ያስተዋወቀው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ነው። ሩፔል ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ስሜንን አቋርጦ ጎንደር ድረስ ዘልቆ ነበር። ዋልያን በሳይንሳዊ ስሟ የመዘገበውም እሱ ነው። ከፉስከስ ሌላ በየቤቱ የሚታዩት የአትላንቲኩ ኤሬክተስ፣ የካሪቢያንና የብራዚሉ ረይዲ፣ የኢንዶ ፓስፊኩ ኩዳ እና በፍሎሪዳና በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ አካባቢ የሚኖረው ድንክዬው ዞስቴሬ ናቸው።

አኳሪየሙ ከስፋቱ ይልቅ ቁመቱ ነው የሚታየው። ቢያንስ 45 ሴንቲሜትር ይፈለጋል። ለአንድ ጥንድ 110 ሊትር አካባቢ ጥሩ መነሻ ነው። ለሞቃት ባሕር ዝርያዎች ከ22 እስከ 24 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በቂ ነው። ከዚያ ሲሞቅ ቪብሪዮ የሚባለው ባክቴሪያ ይፈነጫል። ከቆሻሻ የሚመነጩት መርዞች፣ አሞኒያና ናይትራይት፣ ዜሮ መሆን አለባቸው። የባሕር ፈረስ ቀርፋፋ በላተኛ ስለሆነ ፈጣን ዓሣ አብሮት ከገባ ምግቡን ይነጠቃል።

አኳሪየሙ ቁመት የሚያስፈልገው በጋብቻው ምክንያት ነው። ጥንዶቹ ጠዋት ጠዋት ይገናኛሉ። ቀለማቸው ይደምቃል፤ ጅራት ለጅራት ተያይዘው ጎን ለጎን ይዋኛሉ። ወንዱ ከረጢቱን በውሃ እየሞላ ባዶ መሆኑን ያሳያል። ቀኑ ሲደርስ ሁለቱም ፊት ለፊት ሆነው ወደ ላይ ይነሣሉ፤ በዚያ መሐል ሴቷ እንቁላሎቿን ወደ ወንዱ ከረጢት ታስተላልፋለች። ይህ ሁሉ የሚያልቀው በሰከንዶች ነው። ውሃው ጥልቀት ከሌለው ዒላማው ይሳታል፤ ጠዋት ሲነሡ ብርቱካናማ እንቁላሎች መሬት ላይ ተበትነው ያገኛሉ።

ከረጢቱ ተራ ማስቀመጫ እንዳይመስላችሁ። እንቁላሎቹ ከውስጥ ግድግዳው ሥጋ ጋር ይጣበቃሉ። ዙሪያቸውን ቀጫጭን የደም ሥሮች ይከቧቸዋል፤ ኦክስጅን ያመጣሉ፤ ቆሻሻ ይወስዳሉ። የከረጢቱ ፈሳሽ የጨው መጠንም ቀስ በቀስ ወደ ባሕሩ ውሃ ይጠጋል፤ ጫጩቶቹ ሲወጡ እንዳይደነግጡ። እርግዝናው እንደ ዝርያውና እንደ ሙቀቱ ይለያያል። ዞስቴሬ በ10 ቀን ገደማ ሊወልድ ይችላል። ሌሎቹ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይቆያሉ።

ምጡ አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት ወይም ሊነጋጋ ሲል ነው። ቀደም ብሎ ምልክት አለው። አባትየው ምግብ ይቀንሳል። አንድ ጥግ ይዞ ይቆማል፤ ትንፋሹ ይፈጥናል። ከረጢቱ ክብ ሆኖ ይወጠራል፤ ቆዳው እስኪሳሳ ድረስ። ከዚያ በጅራቱ አንድ ነገር ጨብጦ ወገቡን እያጠፈ እየዘረጋ መግፋት ይጀምራል። የከረጢቱ አፍ ይከፈታል። መጀመሪያ አንድ ወይም ሁለት ይወጣሉ። ቀጥሎ በአንድ ግፊት ደርዘን ያህል ተስፈንጥረው ይወጣሉ። ትንሽ ያርፋል፤ እንደገና ይገፋል። አንዳንዱ ጫጩት በጭንቅላቱ፣ አንዳንዱ በጅራቱ ይመጣል። አንዳንዱም ከወንድሙ ጋር ጅራቱ ተቆላልፎ ይወጣና ውሃው ውስጥ ሲፈታ ይታያል። ሁሉም በግምት ከግማሽ እስከ አንድ ሴንቲሜትር ነው፤ መልኩም ቁርጥ አባቱን።

ስለዚህ ግፊት የሲድኒ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጡት ጥናት ያልተጠበቀ ነገር አሳይቷል። በሌሎች እንስሳት የማሕፀን ምጥ የሚመጣው ከፈቃድ ውጭ በሚሠሩ ጡንቻዎች ነው። ሆደ ትልቁ የባሕር ፈረስ ግን በከረጢቱ ላይ እንዲህ ያለው ጡንቻ ያለው በጥቂቱ ብቻ ነው። ምጥ የሚያመጣው ኦክሲቶሲን አቻ የሆነው የዓሣ ሆርሞንም ከረጢቱን አላኮማተረውም። በምትኩ ከረጢቱ አፍ አጠገብ ካሉ አጥንቶች ጋር የተያያዙ ትልልቅ ጡንቻዎች ተገኙ፤ እንደ ክንድና እግር በፈቃድ የሚታዘዙ ዓይነት። አባትየው በሩን የሚከፍተው ራሱ ሳይሆን አይቀርም ማለት ነው።

ቁጥሩ ከዝርያ ዝርያ ሰማይና ምድር ነው። ዞስቴሬ ጥቂት፣ ቢበዛ ጥቂት አሥሮች ይወልዳል። ኤሬክተስ በመቶዎች ይቆጥራል። ረይዲ በአንድ ሌሊት ከ1000 በላይ ሊያወጣ ይችላል። ነጋ፤ አኳሪየሙ በጫጩት ተሞላ። የመጀመሪያው ጣጣ ፊልተሩ ነው። ጫጩቶቹ ከፓምፑ ጋር መታገል ስለማይችሉ ልምድ ያለው አርቢ ምጡ ሳይደርስ መምጠጫውን በስፖንጅ ይሸፍናል። ከዚያ ጫጩቶቹን በኩባያ እየቀዳ፣ ከውሃ ሳያወጣ፣ ወደ ሌላ ገንዳ ያዛውራል። ወላጆቹ አያጠቡም፣ አይጠብቁም። አባትየውም ከዚህ በኋላ አያውቃቸውም።

ዝርያ መምረጥ ጥቅሙ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። የፉስከስና የዞስቴሬ ጫጩቶች ገና ሲወለዱ አንድ ነገር ጨብጠው ይቀመጣሉ። የረይዲ ጫጩቶች ግን ለሳምንታት ይንሳፈፋሉ፤ ብርሃን ተከትለው ወደ ውሃው ገጽ ይሮጣሉ። እዚያ አየር ይውጣሉ፤ ከዋጡ ደግሞ መስመጥ ስለማይችሉ ተንጋለው ይቀራሉ፤ መብላትም አይችሉም። ለዚህ ነው አርቢዎች ውሃው ቀስ ብሎ በክብ የሚዞርበት፣ ጥግ የሌለው፣ ጎኑ በጥቁር የተሸፈነ ገንዳ የሚሠሩት። ዝውውሩ ጫጩቶቹን ከገጽ ያርቃቸዋል። ጥቁሩ ግድግዳ ደግሞ ምግቡን አጉልቶ ያሳያቸዋል።

የምግቡ ጉዳይ እንቅልፍ የሚነሳ ነው። የባሕር ፈረስ ጨጓራም ጥርስም የለውም። የዋጠው ቶሎ ስለሚያልፍ ጫጩቶቹ በቀን ብዙ ጊዜ መብላት አለባቸው፤ ምግቡም ሕይወት ያለውና የሚንቀሳቀስ መሆን አለበት። ትንንሽ አፍ ላላቸው ሮቲፈርና ኮፔፖድ የተባሉ ደቃቅ የውሃ እንስሳት ይቀርባሉ። ለሌሎቹ ዋናው ስንቅ አርቴሚያ የተባለው ጥቃቅን የጨው ውሃ ሽሪምፕ ነው። የአርቴሚያ እንቁላል ደርቆ በቆርቆሮ ይሸጣል፤ በዩታ ከሚገኘው ታላቁ የጨው ሐይቅ የሚሰበሰበው በሰፊው ይታወቃል። ሲያዩት የተፈጨ ቡና ይመስላል።

አፈላፈሉ እንዲህ ነው። የለስላሳ ፕላስቲክ ጠርሙስ ቂጡ ይቆረጥና ይገለበጣል። ጨዋማ ውሃ ይሞላል፤ ከደረቀው እንቁላል ትንሽ ይጨመራል፤ አየር በቀጭን ቱቦ ከስር ይነፋበታል። ውሃው 26 ወይም 28 ዲግሪ ከሆነ በአንድ ቀን ገደማ ይፈለፈላል። ከዚያ አየሩ ይዘጋል። ባዶው ቅርፊት ወደ ላይ ይንሳፈፋል። ያልተፈለፈለው ይዘቅጣል። ከታች በኩል አምፖል ሲበራ ብርቱካናማዎቹ ነፍሳት ወደ ብርሃኑ ይሰበሰባሉ፤ በቱቦ ተስበው በጣም ጠባብ ቀዳዳ ባለው ማጥለያ ይታጠባሉ። ቅርፊቱ ለጫጩት አይፈጭም። ስለዚህ ጠንቃቆቹ እንቁላሉን አስቀድመው በበረኪና ይልጡታል፤ ከዚያ ደጋግመው ያጥቡታል። ገና የተፈለፈለ አርቴሚያ አፉ ስላልተከፈተ ምንም አይበላም። ከሰዓታት በኋላ ቆዳውን ሲለውጥ ግን ዲኤችኤ የተባለው ቅባት የበዛበት መኖ ይሰጠዋል፤ ሆዱን ሞልቶ ወደ ጫጩቶቹ ይሄዳል። ይህ ሥራ በየቀኑ ነው፤ ሁለት ጠርሙስ እየተፈራረቀ። አንድ ቀን ከተዘለለ የሚበላ የለም።

ያም ሆኖ ብዙ ይሞታል፤ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት። የተረፈ ምግብ ውሃውን ያበላሻል፤ ባክቴሪያ ይነሣል። ሌላው ጠላት ሃይድሮይድ ነው፤ መስታወት ላይ የሚበቅል፣ በመርዛማ ክሩ የሚናደፍ ጥቃቅን እንስሳ። ለዞስቴሬ ጫጩቶች ዋነኛ ገዳይ ነው። መድኃኒቱ ፌንቤንዳዞል ሲሆን ያው ከብትና በግ ለትል የሚሰጠው ነው። አኳሪየሙ ውስጥ ከገባ ግን ቀንድ አውጣዎችንና ትሎችንም ሊጨርስ ስለሚችል አስቀድሞ ማሰብ ይሻላል።

አባትየውም አንድ ክትትል ይፈልጋል። አንዳንዴ ከወለደ በኋላ ከረጢቱ አየር ይሞላና ቂጡ ወደ ላይ ተሰቅሎ ይንሳፈፋል። አየሩ ካልወጣ ሕክምና ያሻዋል። ጤነኛ ከሆነ ግን አያርፍም። በወለደ በሰዓታት ውስጥ ከሴቷ ጋር እንደገና ይደንሳል፤ አዲስ እንቁላል ይቀበላል። ሁለተኛው ዙር ሲደርስ የመጀመሪያዎቹ ገና ከአርቴሚያ አልወጡም። በዚህ የተነሣ ብዙ አርቢዎች ጥንዶቹን በመለያ መስታወት ለተወሰነ ጊዜ ይነጥሏቸዋል፤ ወይም አንድ ዙር አሳድገው የሚቀጥሉትን ሳያሳድጉ ይተዋሉ።