ዜናው ከየት ይጀምራል? ስለ ቴሌቪዥን ዜና የምንሳሳታቸው ነገሮች

ምሽት 2 ሰዓት ሲሆን ደብረ ማርቆስ ባለው ቤታችን ጨዋታ ይቆማል። ዜና ነው። አጎቴ ከጎዛምን ለገበያ በመጣ ቁጥር እኛ ጋ ያድራል። ያን ምሽት ሪሞቱ የእሱ ነው። እያየ ይናገራል፣ እኔም እመልሳለሁ። በአንድ ጣቢያ ዜና ክፍል 6 ዓመት ስለሠራሁ ዝም ማለት አይሆንልኝም። እሱ የሚለውን ብዙ ሰው ሲለው እሰማለሁና ክርክራችንን ላካፍላችሁ።

«በቃ፣ ዛሬ የሆነው ይሄው ነው»

አይደለም። ያየነው ተመርጦ የተረፈውን ነው። ዴቪድ ማኒንግ ኋይት የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1950 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት የአንድ ጋዜጣ አዘጋጅን ሥራ ለአንድ ሳምንት ተከታትሎ ነበር። ሰውዬው ከዜና ወኪሎች ከደረሰው ጽሑፍ ከ10 እጅ 9 እጁን ያህል ጥሎታል። ለምን እንደጣለው ምክንያቱን እንዲጽፍም ተጠይቋል። አንዳንዱን «ቦታ የለም» ብሎ ነው የጣለው። አንዳንዱን ደግሞ ራሱ ስላልወደደው ብቻ።

ቴሌቪዥን ከጋዜጣ ይብሳል። አንድ ዜና ብዙ ጊዜ ከ1 ደቂቃ ተኩል እስከ 2 ደቂቃ ቢያገኝ ነው። የግማሽ ሰዓት ዜና ሙሉ ጽሑፉ ቢታተም አንድ የጋዜጣ ገጽ መሙላቱ ያጠራጥራል።

«መጀመሪያ የተነበበው ትልቁ ጉዳይ ነው»

አጎቴ ይህን አጥብቆ ያምናል። ግማሹ እውነት ነው።

ዜናዎቹ የሚሰለፉበት ዝርዝር አለ፤ እኛ ራንዳውን እንለው ነበር። አዘጋጁ ከሰዓት በኋላ ያወጣዋል፣ እስከ ስርጭቱ ደቂቃ ድረስ ይቀያየራል። አንደኛ ለመውጣት ዜናው ትኩስ ቢሆን፣ ብዙ ሰው ቢነካ፣ ጥሩ ምስል ቢኖረው ይረዳዋል። በአገራችን ደግሞ የባለሥልጣን ስብሰባ ብዙ ጊዜ ከፊት ይቆማል። ይህን ስሠራም አልወደድኩትም፣ አሁንም አልወደውም። የጤፍ ዋጋ ከአንድ መድረክ ንግግር በላይ ሰው ይነካል።

ከዚያ በኋላ ያለው ቅደም ተከተል ግን የክብደት ብቻ አይደለም። ተመሳሳይ ዜናዎች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ተመልካቹ ቻናል እንዳይቀይር አንድ ጥሩ ዜና መሀል ላይ ይቆያል። አንዳንዴ ደግሞ ምክንያቱ ተራ ነው። አንድ ምሽት አንደኛ የያዝነው ዜና ቪዲዮው ተቆርጦ አላለቀም። አራተኛ ወጣ። በማግስቱ አንድ ጎረቤት «ለምን ደበቃችሁት?» አለኝ። ማንም አልደበቀውም። ኮምፒውተሩ ነው የዘገየው።

እውነት የሆነው ግማሽ ደግሞ ይኸውላችሁ። ሻንቶ አየንጋር እና ዶናልድ ኪንደር የተባሉ ተመራማሪዎች በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ሰዎችን ሰብስበው የተቀነባበረ ዜና አሳዩ። ስለ አንድ ጉዳይ ደጋግሞ ዜና ያየ ሰው ያንን ጉዳይ የአገሪቱ ትልቅ ችግር አድርጎ ማየት ጀመረ። ስለዚህ አዘጋጁ በጥድፊያ የሠራው ሰልፍ እኛ ጭንቅላት ውስጥ ሰልፍ ይሠራል። ሥራውን እየሠራሁ ይህ ያስፈራኝ ነበር።

«የምትመርጠው ያቺ የምታነበው ናት»

አይደለችም። እሷ የምታነበው ሌሎች ጽፈው ያረሙትን ነው። ጽሑፉ ከካሜራው ፊት ባለ መስታወት ላይ ይወጣል፣ ስለዚህ ዓይኗ እኛን የሚያይ ይመስላል። ከጀርባዋ ሪፖርተር፣ የካሜራ ባለሙያ፣ ቪዲዮ ቆራጭ እና አዘጋጅ አሉ። ዜና ስላናደዳችሁ አንባቢዋን መንገድ ላይ አትሳደቡ፤ ይህን ያዩ ባልደረቦች ነበሩኝ።

«በዓይናችን አየነው እኮ»

ያያችሁት ካሜራው የተመለከተበትን አቅጣጫ ነው። 50 ሰው ያለበት አዳራሽ ከፊት ወንበር ጠጋ ተብሎ ሲቀረጽ የሞላ ይመስላል፤ ከኋላ በር ሲቀረጽ ባዶ ወንበር ይታያል። ሁለቱም ምስል እውነተኛ ነው። የማኅደር ምስልም አለ። ዛሬ ስለ ማዳበሪያ የሚነገር ዜና ላይ የምታዩት ገበሬ ከሁለት ዓመት በፊት የተቀረጸ ሊሆን ይችላል። ስክሪኑ ጥግ ላይ «ከማኅደር» የሚል ጽሑፍ ካለ ጣቢያው ነግሯችኋል። ከሌለ ልብሱንና ማሳውን እዩ። የበጋ ዜና ላይ የክረምት ጭቃ ካያችሁ ምስሉ የዛሬ አይደለም።

ሁለት ወገን መናገሩም ብቻውን ሚዛን አይሆንም። አንዱ 40 ሰከንድ፣ ሌላው 8 ሰከንድ አግኝቶ ሊሆን ይችላል። ቁጠሩት።

«የኛን አገር ንቀውት አይዶል?»

ይህን አጎቴ ከልቡ ይጠይቃል። የእሱ ማሳ አፈር ኮምጣጣ ሆኗል። በጎጃም ደጋ ብዙ ቦታ እንዲሁ ነው። ኃይለኛ ዝናብ የአፈሩን ካልሲየምና ማግኒዥየም እያጠበ ይወስዳል፣ አፈሩ አሲዳማ ይሆናል፣ ገብሱና ስንዴው ይቀጭጫል። መድኃኒቱ ኖራ ነው፤ ግን በሄክታር ብዙ ኩንታል ይፈልጋል። አንዳንዱ ገበሬ እንግዶ ወደሚባለው የአጃ ዓይነት እህል ዞሯል፣ አንዳንዱ ማሳውን ባሕር ዛፍ አልብሶታል፣ በአዊ በኩል ደግሞ ዲከረንስ የሚባል ዛፍ ተክሎ ከሰል ያከስላል። ታዲያ ይህ የስንት ሰው እንጀራ የነካ ጉዳይ ለምን ዜና አይሆንም?

ንቀት የለም ብዬ አልምልም። ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ነው። ዮሐን ጋልቱንግ እና ማሪ ሩጌ የተባሉ የኖርዌይ ተመራማሪዎች በ1965 እ.ኤ.አ. እንደጻፉት፣ ዜና የሚወደው በአንድ ቀን ተጀምሮ በአንድ ቀን የሚያልቀውን ነው። ድልድይ ሲመረቅ ቀን አለው። አፈር ሲሞት ቀን የለውም።

ከዚህ የከፋም አይተናል። በ1976 ዓ.ም. የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽኑ ረሃብ እየመጣ መሆኑን ለለጋሾች ተናግሮ ነበር። መስከረም 1977 ላይ ግን የአብዮቱ 10ኛ ዓመት በዓል ሆነ፤ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥንም የቀለም ስርጭት የጀመረው ለዚያ በዓል ነው። ዓለም የደነገጠው የቢቢሲው ማይክል በርክ እና ኬንያዊው ካሜራማን መሐመድ አሚን ከኮረም ያመጡት ምስል ጥቅምት 13 ሲታይ ነው። ረሃቡ ያን ቀን አልጀመረም። ካሜራው ነው ያን ቀን የደረሰው።

ካሜራ ለመድረስ ደግሞ መኪና፣ ነዳጅ፣ አበል እና መንገድ ይፈልጋል። ስብሰባ ጠሪው ብዙ ጊዜ መኪናውንም ይዞ ይመጣል፤ የገጠር ቀበሌ አይችልም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል ግጭቱ ሲበረታ የሞባይል ኢንተርኔት ተዘጋ። ያኔ ከቀበሌ የተነሳ ቪዲዮ ጣቢያ የሚደርስበት መንገድም ጠበበ። ምስል የሌለው ዜና በራንዳውኑ ታች ይወርዳል፣ ከዚያም ይወጣል።

ስለዚህ አጎቴን «ቀን ስጣቸው» አልኩት። ኖራ በሚከፋፈልበት ቀን ለማውቀው ሪፖርተር ደወልን። የቀበሌውን ስም፣ የስንት ገበሬ ማሳ እንደተጎዳ እና ሰዓቱን አስቀድመን ሰጠነው። መጣ። አጎቴ እንግዶው መሀል ቆሞ ግማሽ ሰዓት አስረዳው፦ አባቱ ያረሱትን ገብስ፣ የዘንድሮውን ምርት፣ የኖራውን ማጓጓዣ ዋጋ።

በማግስቱ ማታ ቤቱ ሞላ። ዜናው ሰባተኛ ሆኖ ከስፖርት በፊት ወጣ። 1 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ። የአጎቴ ድምፅ 12 ሰከንድ ያህል ተሰማ፣ ስለ ኖራው ምስጋና የሰጠበት ቦታ። ስለ ማጓጓዣው የተናገረው አልነበረም። ጎረቤቶች እልል አሉ። እሱ ግን ወደ እኔ ዞሮ «ዋጋውን ማነው የቆረጠው?» አለኝ። የአዘጋጁን ስልክ ሰጠሁት፤ ጠዋት ደወለ።