የእረኛውም ነፍስ ነፍስ ናት፦ ስለ አጥቢያችን መንፈሳዊ ጤንነት የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

በወሎ ገጠር አንድን ሰው «ቤተ ክርስቲያናችሁ እንዴት ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁት ብዙውን ጊዜ የሚነግራችሁ ስለ ጣሪያው ነው። ቆርቆሮው ተለወጠ፣ አጥሩ በድንጋይ ታጠረ፣ ደጀ ሰላሙ ገና አላለቀም ይላችኋል። ከሐይቅ ከተማ ብዙም በማይርቅ አጥቢያ የሰበካ ጉባኤ ጸሐፊ ሆኜ ለዓመታት አገልግያለሁ። ያኔ በእጄ የጻፍኋቸውን ቃለ ጉባኤዎች በቅርቡ ሳገላብጥ ስለ ሲሚንቶ፣ ስለ ንግሥ ድንኳን፣ ስለ መቃብር ቦታ ብዙ ገጽ ሞልቼ አገኘሁ። «ካህናታችን እንዴት ናቸው? ሕዝቡስ በነፍሱ እንዴት ነው?» የሚል አጀንዳ ግን አንድም ቦታ አልነበረም። ይህ ጽሑፍ ከዚያ ሐዘን የመጣ ነው። እርስ በርሳችን ስንባባላቸው የኖርናቸውን አባባሎች አንሥቼ እውነታውን ከጎናቸው አስቀምጣለሁ።

«ንግሡ ከሞላ ቤተ ክርስቲያኑ ጤነኛ ነው»

መስከረም 21 ቀን ግሸን ደብረ ከርቤ የወጣ፣ ወይም በልደት ላሊበላ ሄዶ በቤተ ማርያም ዙሪያ ካህናቱ ከዓለቱ አፋፍ ላይ ቆመው «ቤዛ ኩሉ» ሲሉ የሰማ ሰው ያን ቀን አይረሳውም። እኔም አልረሳሁትም። ነገር ግን የንግሥ ሕዝብ ከየአገሩ የተሰበሰበ ነውና ስለ አንድ አጥቢያ ጤንነት ብዙ አይነግረንም። ያን ማወቅ የፈለገ ሰው በሐምሌ፣ አረሙ በበረታበት፣ ምንም ንግሥ በሌለበት እሑድ ይምጣ። ስንት ሰው አስቀደሰ? ካስቀደሰውስ ስንቱ ቆረበ?

በብዙ አጥቢያ የሚቆርቡት ሕፃናትና በዕድሜ የገፉ ሰዎች ናቸው፤ መካከሉ ባዶ ነው። «ቁርባን ለሕፃንና ለአረጋዊ ነው» የሚባለው ልማድ የወለደው እንጂ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት አይደለም። ወንድ በ40 ቀኑ፣ ሴት በ80 ቀኗ ሲጠመቁ በዚያው ቀን ይቆርባሉ፤ ከዚያ በኋላ «እስከ እርጅና ራቁ» የሚል ሥርዓት የለም። ጎልማሳው «አልበቃሁም» ብሎ ይሸሻል። ትሕትናው ደግ ነው። ላልበቃ ሰው የታዘዘለት መድኃኒት ግን ንስሐ ነው፤ ፀጉር እስኪሸብት መጠበቅ አይደለም።

«ካህን አይደክምም፤ ክህነቱ ይይዘዋል»

ከሁሉ የበለጠ የጎዳን ይህ አባባል ይመስለኛል።

የገጠር ቄስ እንዴት እንደሚውልና እንደሚያድር እናስብ። ገበሬ ነው፤ እንደ ጎረቤቱ ያርሳል፣ ያርማል፣ ያጭዳል። ሊቀድስ ሲገባ 18 ሰዓት ጾሞ፣ ከቤቱ ተለይቶ አድሮ ነው። ሰው ሲሞት በሌሊትም ይጠራል። ባልና ሚስት ሲጣሉ ይጠራል፣ ድንበርተኞች ሲካሰሱ ይጠራል፣ ልጅ ሲወለድ ጠበል ሊረጭ ይጠራል። ለቅዳሴ ቢያንስ አምስት ልዑካን፣ ማለትም ሁለት ቄሶችና ሦስት ዲያቆናት ያስፈልጋሉ። ወጣት ዲያቆናት እንጀራ ፍለጋ ወደ ከተማ በፈለሱ ቁጥር የቀሩት ካህናት ሸክም ይከብዳል፤ አንዳንዴም አምስት ሰው ጠፍቶ ቅዳሴው ይታጎላል።

አንድ ዓመት በኅዳር፣ የጤፍ አጨዳ ላይ፣ በእኛ አጥቢያ በአንድ ሳምንት ሦስት ሰው ተቀበረ። በእሑዱ ቅዳሴ ቄሳችን ወንጌል እያነበቡ ሳለ ድምፃቸው ተቋረጠ። ቆመው አለቀሱ፤ ማንበብ አልቻሉም፤ ሌላው ካህን ተቀብለው ጨረሱ። ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላሙ የተባለውን አስታውሳለሁ። አንዱ «ዓይነ ጥላ ነው» አለ፣ አንዱ «ፈተና መጣባቸው» አለ፣ አንዱ ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የሠሩት ነገር ቢኖር ነው» አለ። ሦስት ሆነን ከሰበካ ጉባኤው ወደ ቤታቸው ሄድን። ባለቤታቸው በር ላይ ተቀበሉንና ገና ሳንቀመጥ «ዛሬ ደግሞ ማን ሞተ?» አሉን። ማንም እንዳልሞተ ስንነግራቸው፣ «እናንተ እዚህ ቤት የምትመጡት ሰው ሲሞት ነው ብዬ ነው» አሉ። ከዚያ ቄሱ ለሳምንታት ሌሊት እንቅልፍ እንዳጡ፣ ምግብም እንደማይረጋላቸው ነገሩን። እኛ አጥሩን ስንለካ ከርመናል።

መጽሐፍ ቅዱስ የአገልጋይን ድካም አይደብቅም። በ1ኛ ነገሥት ምዕራፍ 19 ኤልያስ፣ እሳት ከሰማይ ያወረደው ያ ነቢይ፣ በክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሞትን ይለምናል። ክትክታን እናውቀዋለን፤ በየተራራችን ጥግ የሚበቅል ነው። እግዚአብሔር ለኤልያስ በመጀመሪያ የላከለት ተግሣጽ አይደለም፤ እንቅልፍ፣ እንጎቻና ውኃ ነው። መልአኩ ሁለት ጊዜ ቀስቅሶ አበላው፤ ወደ ኮሬብ የተላከው ከዚያ በኋላ ነው። በዘፀአት 18 ደግሞ ዮቶር አማቹ ሙሴ ከጥዋት እስከ ማታ ብቻውን ሲፈርድ አይቶ አንተም ሕዝቡም ትዝላላችሁ ብሎ መከረው። ሐዋርያው ጳውሎስም የኤፌሶንን ሽማግሌዎች ሲሰናበት ለመንጋው ብቻ ሳይሆን ለራሳቸውም እንዲጠነቀቁ ነው ያሳሰባቸው። ክህነት ጸጋ ነው፤ ጸጋው ግን ያረፈው በሥጋ ለባሽ ላይ ነው።

በ2013 መጨረሻና በ2014 ጦርነቱ ወሎን ሲያዳርስ ብዙ ካህናት ቀባሪም አጽናኝም ሆነው ከረሙ። ልጇን የቀበረችን እናት ያጽናና ካህን በዚያው ሰሞን የራሱን ወንድም ቀብሮ ይሆናል። እርሱን ማን ቁጭ አድርጎ አናገረው? «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የሚባለው ለእንዲህ ያለ ነገር ነው። ካህንም ንስሐ አባት ሊኖረው የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ያዝዛል። የሌሎችን ሸክም ሲሰማ የሚኖር ሰው የራሱን የሚያራግፍበት ደጅ ከሌለው ይሰበራል፤ ወይም ደግሞ ይደነድናል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው የከፋ ነው።

«ንስሐ አባት ለጠበልና ለተዝካር ነው»

ቤት መባረክ፣ ጠበል መርጨት፣ በተዝካር መገኘት መልካም ልማድ ነው። የንስሐ አባት ዋና ሥራ ግን ኑዛዜ ሰምቶ፣ እንደ ሰውየው አቅም ቀኖና ሰጥቶ፣ እስኪድን መከታተል ነው። የሰማውን ለማንም አይናገርም። ብዙዎቻችን ንስሐ አባታችን ስልክ ሲደውሉ «ምን ሊጠይቁኝ ይሆን?» እንላለን እንጂ እኛ ሄደን «አባቴ፣ ልቤ ደርቋል» ብለን አናውቅም። ልጆቻችንንም አናስተዋውቃቸውም። ወደ ደሴ ወይም ወደ አዲስ አበባ ለትምህርት ስንልካቸው ስንቅ እንቋጥርላቸዋለን፤ በዚያ ከተማ ንስሐ አባት እንዲይዙ ግን አንነግራቸውም።

«የገንዘብ ነገር መንፈሳዊ ጉዳይ አይደለም»

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 በኢየሩሳሌም በምትገኘው ቤተ ክርስቲያን ያጉረመረሙት ሰዎች ጥያቄ ስለ ማዕድ ነበር፤ መበለቶቻችን በዕለታዊው እደላ ተረሱ አሉ። ሐዋርያት «ይህ ዓለማዊ ነው» ብለው አልገፉትም። መንፈስና ጥበብ የሞላባቸው ሰባት ሰዎች አስመርጠው ሥራውን ሰጧቸው፤ እነርሱ ራሳቸው ለጸሎትና ለቃሉ አገልግሎት ጊዜ አገኙ። ሒሳብ በታመነ እጅ ሲገባ ሰባኪው ለስብከቱ ጊዜ ያገኛል ማለት ነው።

በእኛም አገር የቤተ ክርስቲያን አስተዳደር ደንብ የሆነው ቃለ ዓዋዲ በ1965 ዓ.ም. ወጥቶ ከካህናት፣ ከምእመናንና ከሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች የተውጣጣ ሰበካ ጉባኤ ተቋቋመ፤ ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ የገጠር መሬት ተወረሰ፤ ቤተ ክርስቲያንም በየካቲት 1967 ዓ.ም. ርስቷን አጣች። ከዚያ ወዲህ ካህኑ የሚኖረው በዋናነት በምእመናን አስተዋጽኦ ነው። ዓመታዊ ክፍያውን እንደ ግብር የሚቆጥር ሰው ይህን አያስብም። በሌላ በኩል ገቢና ወጪው በሕዝብ ፊት በማይነበብበት አጥቢያ ጥርጣሬ ይገባል። ምእመኑ ሙዳየ ምጽዋቱን እያየ ሌላ ነገር ያስባል፤ ኮሚቴው ራሱን የካህኑ ቀጣሪ ያደርጋል፤ ካህኑ ኮሚቴውን እንደ ሌባ ያያል። በዓመት አራት ጊዜ ከቅዳሴ በኋላ ሒሳቡን ድምፅን ከፍ አድርጎ ማንበብ ሩብ ሰዓት አይፈጅም።

«ዝም ማለት ሰላም ነው»

አስተዳዳሪውና ሰበካ ጉባኤው ሲቃረኑ፣ መሪጌታውና ሰባኪው ሲኮራረፉ «ገመና ነው፣ ይሸፈን» እንላለን። አባቶቻችን ግን «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» ብለዋል። በማቴዎስ 18 ጌታ ያስተማረው መንገድ ግልጽ ነው፦ መጀመሪያ ለብቻው ሄደህ ንገረው፣ ካልሰማህ አንድ ወይም ሁለት ሰው ይዘህ ሂድ፣ ከዚያ ለቤተ ክርስቲያን ንገር። እኛ የመጀመሪያውን እንዘልላለን። ቅር የተሰኘንበትን ካህን ትተን ለጠጅ ቤቱም ለገበያውም እንነግራለን፤ ለእርሱ ሰላም ብለን መስቀል ተሳልመን እናልፋለን።

አንድ ነገር ግን መለየት አለበት። የሰው ድካም ገመና ነው፣ ይሸፈናል፣ በንስሐ ይታከማል። በሕፃን ላይ የተፈጸመ ጥቃት ወይም የንዋየ ቅድሳት ስርቆት ገመና አይደለም፤ ወንጀል ነው፣ ወደ ሕግ ይሄዳል። የተጎዳውን ልጅ «ለቤተ ክርስቲያን ክብር» ብሎ ዝም ማሰኘት ቤተ ክርስቲያንን ማዋረድ ነው።

«ሐኪም ዘንድ መሄድ የእምነት ማነስ ነው»

ከ81ዱ ቅዱሳት መጻሕፍታችን አንዱ የሆነው መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብር፣ እርሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ይላል፤ መድኃኒትንም ከምድር ያወጣ እርሱ ነው። ጸልይም፣ ሐኪሙንም ጥራ ነው ትምህርቱ። ጠበልና ሆስፒታል ተቃዋሚዎች አይደሉም። ካህንም ቢሆን እንቅልፍ ሲያጣ፣ ያለ ምክንያት ሲያለቅስ ጠበሉን እየተጠመቀ ሐኪም ቢያይ ምንም አይጎድልበትም።

«ትምህርት የሚመጣው ከከተማ ሰባኪ ነው»

ድምፅ ማጉያ ተከራይተን፣ ከሩቅ ሰባኪ አስመጥተን ሦስት ቀን ጉባኤ እናደርጋለን። ሕዝቡ ይነቃቃል፤ በአራተኛው ቀን ድንኳኑ ሲነሣ ሁሉም ወደ ነበረበት ይመለሳል። ጉባኤን አልቃወምም። ግን እኛ የምንኖረው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አጠገብ ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዐ በዚያ ተቀምጦ ሲያስተምር ደቀ መዛሙርቱ ለዓመታት አብረውት ኖረዋል፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከእነርሱ አንዱ ነበሩ። የወሎ ቦረናው አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫም በዚሁ ገዳም ተምሯል። ገድሉ እንደሚተርከው መጀመሪያ ትምህርት አልገባ ብሎት ለገዳሙ እህል ይፈጭ ነበር። ያን ቀርፋፋ ተማሪ የታገሠ ማኅበር ባይኖር ዛሬ በየሌሊቱ የምንጸልየው መጽሐፈ ሰዓታት ከየት ይመጣልን ነበር? ዋድላም በቅኔ ቤቱ ስሙ የተጠራው መምህርና ተማሪ አብረው እየኖሩ በመቀኘታቸው ነው። አጥቢያ የሚያድገው በየሳምንቱ በሚያስተምር፣ ሕዝቡን በስሙ በሚያውቅ መምህር ነው። ያ መምህር ምናልባት አሁን በቅኔ ማኅሌቱ ጥግ ጸናጽል ይዞ የቆመው፣ ማንም አስተምር ያላለው ሰው ነው።

«ከሙስሊም ጋር መቀራረብ ሃይማኖትን ያላላል»

በወሎ ያደገ ሰው ይህን ሲሰማ ይገረማል። በአንድ ቤት አክስት ክርስቲያን፣ አጎት ሙስሊም የሆኑበት አገር ነው። በሰርጋችን ለሙስሊሙ እንግዳ በራሱ ሰው የታረደ ለብቻው ይቀርባል፤ ማንም የማንንም አይነካም፣ ሁሉም አብሮ ይዘፍናል። የሃይማኖታችን ልልነት ከጎረቤት የመጣ አይደለም፤ ሳያስቀድሱ፣ ንስሐ ሳይገቡ፣ መጽሐፍ ሳይገልጡ ከመኖር የመጣ ነው።

ቄሳችን ቅዳሴ ላይ ካለቀሱ በኋላ በነበረው ዓመት ኅዳር ሲገባ የሰበካ ጉባኤው አጀንዳ ተራ ቁጥር 1 የቄሱ ጤፍ ነበር። ደቦ ተጠራ። ጎረቤት ሙስሊሞችም ማጭዳቸውን ይዘው መጡ። ጾመ ነቢያት ገብቶ ስለነበር የቀረበው ሽሮና ጎመን ነው፤ የሥጋ ነገር የለበትምና ሁሉም ከአንድ መሶብ በላ። ቄሳችን በመጀመሪያ ማጭድ አንሥተው ነበር፤ አንድ ሽማግሌ ከእጃቸው ተቀበሏቸው። እኛ ስናጭድ እሳቸው ከማሳው ዳር ነጠላቸውን ተከናንበው ተኙ፤ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ማንም አልቀሰቀሳቸውም።