የዩኒቨርሲቲ ጆርናል በደሴና ኮምቦልቻ፦ ክፍት ተደራሽነት፣ የቅጂ መብትና የማቆያ ፖሊሲ

ዋና ግቢው ደሴ፣ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ኮምቦልቻ የሚገኘው ወሎ ዩኒቨርሲቲ «አቢሲኒያ» በሚል ስም የሚወጡ የጥናት ጆርናሎች አሉት። እንዲህ ያለ ጆርናል ሦስት ነገሮችን በጽሑፍ መወሰን አለበት፦ ጽሑፉን ማን እንደሚያነብ፣ መብቱ የማን እንደሆነ፣ ድረ ገጹ ቢጠፋ ቅጂው ከየት እንደሚገኝ። ሦስቱ በተለያየ ጊዜ በተለያየ ሰው ሲጻፉ ይጣረሳሉ። ድረ ገጹ «በነጻ አባዙ» ሲል የፒዲኤፉ ግርጌ «መብቱ በሕግ የተጠበቀ ነው» ይላል። የክፍት ጆርናሎችን ማውጫ የሚያዘጋጀው ዶአጅም (DOAJ) ማመልከቻ ሲገመግም እንዲህ ያለውን አለመጣጣም ይፈትሻል።

ክፍት ተደራሽነት የሚባለው አንባቢ ሳይከፍል፣ ሳይመዘገብና ከታተመ በኋላ ክፍት እስኪሆን ሳይጠብቅ ሲያነብ ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣው የከፍተኛ ትምህርት ብሔራዊ የክፍት ተደራሽነት ፖሊሲ በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ ጥናት ናድሬ በተባለው ብሔራዊ የጥናት ጽሑፎች ዲጂታል ቋት እንዲቀመጥ ይጠይቃል። ጆርናሉ ከደራሲ ምንም የማያስከፍል ቢሆን እንኳ «ክፍያ የለም» ብሎ መጻፍ አለበት።

ማባዛትን የሚፈቅደው ፈቃዱ ነው። ክሪኤቲቭ ኮመንስ ከሚባሉት ስድስት ዝግጁ የአጠቃቀም ፈቃዶች ሲሲ ባይ 4.0 (CC BY) ምንጭ እስከተጠቀሰ ድረስ ሁሉንም አጠቃቀም ይፈቅዳል። አንዳንድ አዘጋጆች ለጥንቃቄ ብለው ማሻሻልን የሚከለክለውን (ኤንዲ) ይመርጣሉ፤ ትርጉም እንደ ማሻሻል ስለሚቆጠር በዚህ ፈቃድ ግን በእንግሊዝኛ የታተመን የወሎ ማሽላ ጥናት ወደ አማርኛ ተርጉሞ ለግብርና ባለሙያዎች ማሰራጨት ያለ ደራሲው ተጨማሪ ፈቃድ አይቻልም። ለአገር ውስጥ ጆርናል ይህ ጥንቃቄ ከጥቅሙ ጉዳቱ ይበልጣል።

አስቸጋሪው ክፍል የመብቱ ነው። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲው ኢኮኖሚያዊ መብት (ሥራውን ለማባዛትና ለማሰራጨት) በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ጥበቃ ይሰጣል። የሞራል መብቱ (ደራሲነቱ በስሙ የመታወቅ መብት) ኢኮኖሚያዊው ቢተላለፍም ከደራሲው አይለይም። ይኸው አዋጅ ግን ተቀጣሪ በሥራው ላይ ያፈለቀውን ሥራ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ለአሠሪው ይሰጣል። መምህር ተቀጣሪ ነው፤ ታዲያ ጆርናሉ ስለ መብቱ የሚያስፈርመውን ፎርም የመፈረም ሥልጣኑን ከየት ያመጣል? ዩኒቨርሲቲው የጥናት ጽሑፍ መብት የደራሲው መሆኑን በደንቡ ካልደነገገ ፊርማው ለክርክር ክፍት ነው። ፎርሙም መብት ማስተላለፊያ ባይሆን ይሻላል፦ መብቱ ለደራሲው ይቅር፣ ጆርናሉ በቅድሚያ የማሳተምና በቋሚነት የማቆየት ፈቃድ ይውሰድ። ሁሉም ደራሲዎች ይፈርሙ፣ ወይም ለአንዱ በጽሑፍ ውክልና ይስጡ።

የማቆየት ፈቃድ ለምን እንደሚያስፈልግ እዚህ አካባቢ ማስረዳት አይከብድም። በጥቅምትና ኅዳር 2014 ዓ.ም. የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ሁለቱም ከተሞች ሲደርስ የዩኒቨርሲቲው ግቢዎች ተዘርፈዋል፤ ስለዚህ የደሴን ቅጂ ኮምቦልቻ ማስቀመጥ ብቻውን መጠባበቂያ አይሆንም። (በሐይቅ እስጢፋኖስ የሚታወቀው የ13ኛው ክፍለ ዘመን የኢየሱስ ሞዐ ወንጌል እንኳ በማይክሮፊልም ተነሥቶ ሌላ አገር ቅጂ አለው።) ኦፕን ጆርናል ሲስተምስ የተባለውን የጆርናል ማሳተሚያ ሶፍትዌር የሚጠቀም አዘጋጅ ብዙ ጊዜ ባክአፕ የሚወስደው ዳታቤዙን ብቻ ነው። ፒዲኤፎቹ ያሉት ግን በተለየ የፋይል ማህደር ስለሆነ ሲመለስ ርዕሱ ይታያል፣ ጽሑፉ አይከፈትም። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ይወሰዱ፣ በየጊዜውም በሌላ ሰርቨር ላይ መልሶ በመጫን ይፈተሹ።

ከዚህ በላይ የሚሆነው የሎክስ (LOCKSS) ዓይነት የማቆያ መረብ ነው፤ በተለያዩ ቦታዎች ያሉ ቅጂዎችን እያነጻጸረ የተበላሸውን ይጠግናል። ኦፕን ጆርናል ሲስተምስን የሚያዘጋጀው ፒኬፒ ለሶፍትዌሩ ተጠቃሚዎች እንዲህ ያለ መረብ አለው፤ ጆርናሉ አይኤስኤስኤን (የጆርናል መለያ ቁጥር) ሊኖረውና በሶፍትዌሩ ቅንብር ውስጥ ስምምነቱን መቀበል አለበት። ዲኦአይ (ለእያንዳንዱ ጽሑፍ የሚሰጥ ቋሚ መለያ) ግን ማቆያ አይደለም፤ የድረ ገጹ አድራሻ ሲቀየር መለያውን በሚመዘግበው ክሮስሬፍ ካልታደሰ ወደ ባዶ ገጽ ይመራል።

ደራሲው ራሱ የቱን ቅጂ፣ መቼና የት ማስቀመጥ እንደሚችልም ይጻፍ፦ ከግምገማ በፊት ያለውን፣ ተቀባይነት ያገኘውን፣ የታተመውን። የቆዩ ዕትሞች ላይ ግን አዲስ ፈቃድ በአንድ ቀን መለጠፍ አይቻልም፤ መብቱ በደራሲዎቹ እጅ ከሆነ እያንዳንዳቸው መስማማት አለባቸው፣ ያልተገኙት ጽሑፍም በነበረበት ሁኔታ ለንባብ ብቻ ይቆያል።