«ከአይሶሳይኔት ነፃ» ማለት ምን ማለት ነው?

የስፖንጅ ፍራሽ፣ የጫማ ሶል፣ የእንጨት ቫርኒሽ፤ ብዙዎቹ ፖሊዩሬታን ከተባለ የፕላስቲክ ዓይነት የተሠሩ ናቸው። አንዳንድ ምርት ላይ «ከአይሶሳይኔት ነፃ» የሚል ጽሑፍ ሲታይ «ታዲያ የምተኛበት ፍራሽ መርዝ አለበት?» ብሎ የሚደነግጥ አለ። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። አይሶሳይኔት ፖሊዩሬታን የሚሠራበት ኬሚካል ነው፤ ቃሉም የሚናገረው ስለ አሠራሩ ነው።

ጀርመናዊው ኦቶ ባየር በ1937 እ.ኤ.አ. ባገኘው መንገድ አይሶሳይኔት ፖሊኦል ከተባለ ሌላ ኬሚካል ጋር ሲዋሐድ ፖሊዩሬታን ይሆናል። በደንብ ከተዋሐደ በኋላ አይሶሳይኔትነቱ ያበቃል። አደጋው ከዚያ በፊት ነው፦ የሚቀላቅለውና የሚረጨው ሠራተኛ ትነቱን ሲስብ አስም ሊይዘው ይችላል፤ ሰውነቱ አንዴ ከተቆጣ ደግሞ ጥቂቱም ይበቃዋል። አይሶሳይኔቱ ራሱ በአብዛኛው የሚሠራው ፎስጂን ከተባለ መርዛማ ጋዝ ነው። ለእኔ የነገሩ ክብደት እዚህ ላይ ነው።

አይሶሳይኔት በማይገባበት በአዲሱ መንገድ ኢፖክሳይድ የተባለ ኬሚካል ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ተዋሕዶ ሳይክሊክ ካርቦኔት የተባለ ውሁድ ይሆናል፤ እሱ አሚን ከተባለ ሌላ ኬሚካል ጋር ሲገናኝ የፖሊዩሬታን ሰንሰለት ይሠራል። ካርቦኔቱና አሚኑ ፈሳሽ ከሆኑ ያለ ማሟሟያ ሊቀላቀሉ ይችላሉ። ችግሩ ዝግታው ነው፤ ብዙ ጊዜ ሙቀት ይፈልጋል። ስፖንጅ መሥራትም ይከብዳል፦ በቀድሞው መንገድ ውሃ አይሶሳይኔትን ሲያገኝ የሚወጣው ጋዝ ውሁዱን ይነፋዋል፤ እዚህ ያ ጋዝ የለም።

«ከሶልቨንት (ከማሟሟያ) ነፃ» የሚለውን ከዚህ ጋር አያምታቱት። ቲነር የሌለበት ቀለም አይሶሳይኔት ሊኖርበት ይችላል። አሚኖቹም ቢሆኑ ብዙዎቹ ቆዳ ያቃጥላሉ፤ ጓንት አይቀርም።