ሩም ቶን ምንድን ነው?

አዘዞ፣ አክስቴ ቤት አጭር ፊልም ስንቀርጽ መብራት ሄደ። ካሜራው በባትሪ ነው የሚሠራው፤ ብርሃኑም ከመስኮት ነው። ማናችንም ልብ ሳንል ቀጠልን።

ጉዱ የፈላው ኤዲቲንግ ላይ ነው። የእናትየውን ንግግር የቀረጽነው መብራት ሳይሄድ፣ የልጁን ደግሞ ከሄደ በኋላ ነበር። እናትየው «ና ብላ» ስትል ከጀርባዋ ፍሪጁ ያጉረመርማል። ልጁ «ጠግቤያለሁ» ሲል ፍሪጁ የለም። ወደ እሷ ስንመለስ ደግሞ መጣ። ዓይን የሚያየው አንድ ቤት ነው፤ ጆሮ ግን ሁለት ቤት ይሰማል።

የጎደለን ሩም ቶን ነበር፤ ሰው ሁሉ ዝም ሲል ክፍሉ ራሱ የሚያሰማው ድምፅ። ጭር ያለ የሚባል ቤትም ድምፅ አለው። ቆርቆሮው ፀሐይ ሲመታው ቋ ይላል፣ ከሩቅ ባጃጅ ያልፋል። ግድግዳውም የራሱ ጠባይ አለው። በድንጋይና በኖራ የተሠራው የፋሲል ግቢ አዳራሽ ድምፁን መልሶ ያስተጋባል። ጭቃ ቤት፣ በተለይ ፍራሽና ጋቢ ካለበት፣ ውጦ ያስቀረዋል። ስለዚህ የአንዱን ክፍል ዝምታ ለሌላው መዋስ ብዙም አያዋጣም።

ንግግር ሲቆራረጥ መሃሉ ላይ ክፍተት ይፈጠራል። ክፍተቱ ባዶውን ከቀረ ተመልካቹ ስፒከሩ የተበላሸ ይመስለዋል። ሩም ቶን እንደ እንጀራ ከሥር ይነጠፋል፣ ንግግሩ እንደ ወጥ ከላይ ይፈሳል።

አቀዳዱ ቀላል ነው። ትዕይንቱ እንዳለቀ ሁሉም ባለበት ይቆማል፤ የሰው ገላም ድምፅ ስለሚውጥ ማንም አይወጣም። ማይኩ ሳይነቃነቅ ከ30 ሰከንድ እስከ 1 ደቂቃ ይቀዳል። በቃ። ከባዱ ሰው ዝም ማሰኘት ነው።

ፍሪጁንማ ቀድሞ መንቀል ነበር። ድምፅ ቀጂዎች ለዚህ የቆየ ብልሃት አላቸው፦ የመኪና ቁልፋቸውን ፍሪጁ ውስጥ ያስቀምጣሉ። መልሰው ሳይሰኩት መሄድ አይችሉማ! እኛ መኪናም የለን።

በሳምንቱ አክስቴ ቤት ተመለስን። ፍሪጁን ሰክተን፣ ማይኩን እዚያው ቦታ አቁመን፣ ድምፁን ልንቀዳና ከልጁ ንግግር ሥር ልናስገባው። የተቀዳ ጉርምርምታን ከንግግር ላይ መፋቅ ፈተና ነው፤ በሌለበት መጨመር ግን ይቀላል። አራታችንም ትንፋሻችንን ዋጥ አድርገን ቆምን።

38ኛው ሰከንድ ላይ አክስቴ በሩን ከፈት አድርጋ «ልጆች፣ ምን ነካችሁ? ተጣላችሁ እንዴ?» አለች።

እንደ አዲስ ጀመርን።