ሕክምና በባህር ዳርና በጣና ዳር፦ ማን ቶሎ ይታከማል፣ ማን ወረፋ ይጠብቃል

ባህር ዳር ሆኖ የታመመ ሰው ለሚያየው ዕድለኛ ነው። ፈለገ ሕይወት አለ፣ ከከተማ ወጣ ብሎ በአዴት መንገድ የዩኒቨርሲቲው ጥበበ ግዮን አለ፣ አዲስ ዓለም ሆስፒታል አለ፣ ጤና ጣቢያዎች አሉ፣ ብር ላለው ደግሞ የግል ክሊኒኩ በየመንገዱ ነው። ግን ሁለቱ ትልልቆቹ የከተማው ብቻ አይደሉም፣ ከምዕራብ ጎጃምም ከአዊም ከደቡብ ጎንደርም ሪፈር የሚፃፈው ወደነሱ ነው፣ ስለዚህ ጠዋት ካርድ ክፍል ጋ የምታየው ሰልፍ የግማሽ ክልል ሰልፍ ነው ማለት ይቻላል።

አሰራሩ ሲዘረጋ እንዲህ አልነበረም የታሰበው። ጤና ኬላ ከ3,000 እስከ 5,000 ሰው፣ የገጠር ጤና ጣቢያ ከ15,000 እስከ 25,000፣ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል እስከ 100,000፣ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ደግሞ ከ3.5 እስከ 5 ሚሊዮን ሰው እንዲያገለግል ነው፣ በሽተኛው ከታች እየተጣራ ወደ ላይ ይመጣል ተብሎ። ታች ለላብራቶሪ ምርመራ የሚያስፈልገው ኬሚካል (ሪኤጀንት) ሲያልቅ፣ መድሃኒት ሲጠፋ፣ ሰው ምን አደከመኝ ብሎ በቀጥታ ወደ ትልቁ ይመጣል። እኔ በበኩሌ ሆስፒታል ጨምሩ ከሚባለው በፊት ጤና ጣቢያው በደንብ ይሟላ ባይ ነኝ።

ሐይቁ ውስጥ ያለው ሰው ጉዳይ ደግሞ ሌላ ነው። ደቅ ደሴት ላይ ምጥ የከበዳት ሴት መጀመሪያ ጀልባ መገኘት አለበት፣ ነዳጅ መኖር አለበት፣ ማዕበል ካለ መቆየት አለ፣ ከዛ ወደብ ደርሳ ገና ባጃጅ ወይ አምቡላንስ ይፈለጋል። ወሊድ በመንግስት ተቋም ነፃ ነው፣ መንገዱ ግን ነፃ አይደለም። ጤና ጣቢያዎች ጋ የእናቶች ማቆያ የሚባለው ቤት የተሰራው ለዚህ ነው፣ ቀኗ ሲቃረብ ቀድማ መጥታ እንድትጠብቅ፣ ግን ቤት ልጆቿን ማን ይያዝላት?

በሽታውም ቢሆን ሁሉንም እኩል አይነካም። ወባና ቢልሃርዚያ የሚበረታው ውሃ ውስጥ ውሎ በሚያድረው ላይ ነው፣ ዓሣ አጥማጁ፣ የፎገራ ሩዝ ገበሬ፣ ወንዝ ዳር የሚዋኘው ልጅ። በ1997 ዓ.ም ሊቦ ከምከምና ፎገራ ላይ ካላዛር፣ በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፈው ገዳይ በሽታ፣ ሲነሳ መጀመሪያ መድሃኒት የማይበግረው ወባ ነው ተብሎ ነበር፣ በሽታው ተለይቶ አዲስ ዘመን ከተማ ላይ ሕክምና እስኪጀመር ብዙ ሰው አልቋል። መተማና ሁመራ ለጉልበት ስራ ወርዶ የሚመለሰው ወጣት ነው ያመጣው ይባላል፣ እሱ ደግሞ ከሁሉም ቀድሞ ብር የሌለው ነው።

የማህበረሰብ ጤና መድን የሚባለው በ2003 ዓ.ም አካባቢ በ13 ወረዳዎች ሲሞከር ፎገራና ደቡብ አቸፈር ከነሱ ውስጥ ነበሩ። ገበሬው ምርት ሲሰበስብ መዋጮውን ይከፍላል፣ በጣም ድሃ የሆነው በቀበሌ ተመርጦ መንግስት ይከፍልለታል። ሃሳቡ ጥሩ ነው፣ ብዙ ሰው ላሙን ሳይሸጥ ታክሟል። ግን የመድኑን ደብተር ይዘህ ፋርማሲ መስኮት ስትደርስ ማዘዣው ላይ ‹የለም› ተብሎ ይመለስልሃል፣ ከዛ በር ላይ ካሉት የግል ፋርማሲዎች በካሽ መግዛት ነው። አስታማሚ ደግሞ አለ፣ ከገጠር የመጣው ግቢ ውስጥ ጋቢውን ለብሶ ያድራል፣ ስንቁ ሲያልቅ ምግብም ይገዛል፣ መድኑ እሱን አይሸፍንም።

ከ2015 ዓ.ም መጨረሻ ወዲህ ክልሉ ውስጥ ባለው ጦርነት ይሄ ሁሉ ብሶበታል፣ መንገድ ሲዘጋ ሪፈር የተፃፈለት ሰው እዛው ይቀራል፣ መድሃኒት የጫነ መኪናም እንደዛው። ባለሙያውም አልቻለም። በግንቦት 2017 ዓ.ም በመላ ሀገሪቱ የጤና ባለሙያዎች በደሞዝና በትርፍ ሰዓት ክፍያ ስራ ያቆሙት ሌሊቱን ሙሉ ተረኛ ሆነው አድረው ወር ሳይደርስ ብድር ስለሚገቡ ነው፣ ከዛ ሰውየው ወይ ወደ ግል ይሄዳል ወይ ከሀገር ይወጣል፣ የሱን ተራ ደግሞ የቀሩት ተካፍለው ይሸፍናሉ።